ስለ እስትንፋስ መጋረጃ

በዓይን የማይታይ ጠላት በሰው እስትንፋስ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ጦርና ጋሻ አይመልሰውም። እንዲህ ያለው ጠላት በተነሣ ጊዜ ግን ከክንድ ያነሰች ቁራጭ ጨርቅ የብዙ ሰው ሕይወት ስትጠብቅ ታይታለች። ስለዚህ የዚህችን ጨርቅ ታሪክ፥ በምን አኳኋን ተመርጣና ታስራ እንደ ጠቀመች፥ በተናቀችበትም ስፍራ ምን እንደ ደረሰ፥ በአጭሩ ለአንባቢ እናመለክታለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በ1903 ዓ. ም. በቻይና ሰሜን ምሥራቅ፥ በማንቹሪያ አገር፥ ጽኑ ቸነፈር ተነሣ። ሐርቢን በምትባለው የባቡር ከተማ ሕመሙ የያዘው ሰው ደም እያሳለ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞት ነበር። የቻይና መንግሥትም ዉ ሊየን ቴ የሚባለውን የ31 ዓመት ሐኪም ላከ። እርሱም በፔናንግ ደሴት ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የተማረ ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን ሐርቢን ከገባ በኋላ የአንዲት ሟች ሬሳ መርምሮ፥ ይህ ቸነፈር አይጥና ቁንጫ ሳያስፈልገው ከታመመው ሰው ሳንባ በሳልና በእስትንፋስ ወደ ጤነኛው የሚተላለፍ መሆኑን አስታወቀ።

መድኃኒት ስላልነበረ መንገዱን መዝጋት ግድ ሆነ። ዉም ስስ ሻሽ ደራርቦ፥ በመካከሉ ጥጥ አኑሮ፥ ጫፎቹን ሰንጥቆ ማሰሪያ አደረገለት። ዋጋው ጥቂት፥ አሠራሩም ቀላል ነበረ። ሐኪሙም፥ አስታማሚውም፥ ሬሳ ተሸካሚውም አፍና አፍንጫውን በዚህ እንዲሸፍን አዘዘ።

በዚያን ጊዜ ሜኒ የሚባል በዕድሜም በማዕርግም ከዉ የሚበልጥ ፈረንሳዊ ሐኪም ወደ ሐርቢን መጣ። ዉ እንደ ጻፈው፥ ሜኒ የወጣቱን ቃል ንቆ ተቈጣው፤ አፉንም ሳይሸፍን በመስኮቦች ሆስፒታል ሕሙማኑን መረመረ። ጥቂት ቀን ሳይቈይ በዚያው ሕመም ተይዞ ጥር 3 ቀን ሞተ። ዕውቀቱ አልጐደለም ነበር፤ የጐደለችው ያች ቁራጭ ሻሽ ናት። ሞቱ በተሰማ ጊዜ ይጠራጠር የነበረው ሁሉ ደንግጦ መሸፈኛ ይፈልግ ጀመር።

ድሉን ጨርቅ ብቻዋን አመጣችው አንልም። የተጠረጠሩት በባቡር ፉርጎዎች ተለይተው ተቀመጡ፤ መንገደኛ ተከለከለ፤ ምድሩ በብርድ ደርቆ አልቈፈር ስላለ ከ2,000 በላይ ሬሳ በመንግሥት ፈቃድ ተቃጠለ። በየካቲት መጨረሻ ሕመሙ ከሐርቢን ጠፋ። በማንቹሪያ ሁሉ የሞተው ሰው ግን 60,000 ያህል ነበር።

ከ8 ዓመት በኋላ፥ በ1911 ዓ. ም.፥ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ የጉንፋን ወረርሽኝ ነበረ። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ በምትባል ከተማ ከጥቅምት 22 ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ በአደባባይ እንዲሸፈን ታዘዘ። ነገር ግን አንዱ አፉን ሸፍኖ አፍንጫውን ይገልጣል፤ ሌላው ሲጋራ ሊያጨስበት ሻሹን ይበሳል። የከተማው ከንቲባና የጤናው ሹም እንኳ በቡጢ ግጥሚያ ላይ ሳይሸፈኑ ተገኝተው መቀጫ ከፈሉ። ሹም ያላከበረውን ትእዛዝ ሕዝብ እንዴት ያከብረዋል? ኅዳር 12 ቀን ፊሽካ ተነፍቶ ሰው ሁሉ መሸፈኛውን በደስታ ጣለ፤ ሕመሙ ግን ተመልሶ በጥር ወር ትእዛዙ እንደ ገና ወጣ።

አንባቢ ሆይ፥ ያን ኅዳር 12 ቀን እኛም እናውቀዋለን። በዚያው ወር ያው ሕመም በአዲስ አበባ ቤት ለቤት ሰው ይጥል ነበር፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ሰየመው፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ጥራጊውን እየሰበሰበ በማቃጠል ኅዳር ሲታጠን ይላል። በአንድ ቀን በዚያ ጨርቅ ተጣለ፥ በዚህ ጭስ ይታሰባል።

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ የካሊፎርኒያ የጤና ባለሥልጣኖች ሻሹን መረመሩ። ስስ የሆነው የምራቁን ነጠብጣብ እንደሚያሳልፍ፥ እጅግ የወፈረውም እስትንፋሱን በጐንና በጐን እንደሚያሾልክ አገኙ። የመምረጥ ጥበብ መሠረቱ ይህ ነው፤ ጨርቁ ነጠብጣቡን ይያዝ፥ እስትንፋስን ግን አይከልክል፥ ከፊትም ጋር ይግጠም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. የኮሮና ሕመም በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ይኸው ትምህርት ዳግመኛ አስፈለገ፤ በዚያው ዓመት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግም በአደባባይ መሸፈን ግዴታ ሆነ። ከመሸፈኛዎቹ ኤን 95 የሚባለው ከጥቃቅኑ ብናኝ ቢያንስ 95 ከመቶ ይይዛል፤ የሐኪም ቤቱም፥ ድርብ ሆኖ የተሰፋው የጨርቁም በየማዕርጋቸው ይረዳሉ። ሁሉም ግን የሚጠቅሙት በአገባብ ሲለበሱ ነው። አስቀድሞ እጅን መታጠብ፤ ከአፍንጫ አጥንት ጀምሮ እስከ አገጭ ሥር መሸፈን፤ በጐን ክፍተት አለመተው፤ ፊቱን በእጅ አለመነካካት፤ ሲረጥብ መለወጥ፤ ሲያወልቁም በማሰሪያው መያዝ ይገባል። በአገጭ ላይ የተንጠለጠለ መሸፈኛ ግን ባለቤቱን ከመቀጫ ያድነው እንደ ሆነ እንጂ ከሕመም አያድነውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ይህች ጨርቅ ያች ቅጠል ናት። ለባሹንም ብቻ አትጠብቅም፤ ሳይታወቀው ሕመም ከተሸከመ ሰው እስትንፋስ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ትጠብቃለች። ስለዚህ የሚሸፈን ሰው ፈሪ አይባልም፤ የባልንጀራውን እስትንፋስ እንደ ራሱ እስትንፋስ ያከበረ ነውና።