ከአጥንት የተሠሩ መርከቦች

እንግሊዝ በ1797 እ.ኤ.አ. ፒተርቦሮ አጠገብ፣ ኖርማን ክሮስ ላይ የጦር ምርኮኞች ካምፕ ከፈተች። አብዛኞቹ ፈረንሳውያን ነበሩ። 1,770 ገደማ የሚሆኑት እዚያው ሞተዋል።

ከቀሩት መካከል እጀ ብልሆቹ ከምግባቸው የተረፈውን አጥንት ፍቀው የመርከብ ሞዴል ይሠሩ ነበር። የእንጨቱን አካል በስስ አጥንት ይለብጡታል። ሸራ የሚሰቀልበትን አግዳሚ ዘንግ መሃሉን ወፈር፣ ጫፎቹን ቀጠን አድርገው ይሞርዱታል፤ ገመዱ ፀጉር ወይም ክር ነው። ካምፑ በር ላይ ባለው ገበያ ሸጠው ምግብ ይገዙበታል።

ብዙዎቹ ያለ ንድፍ፣ ከትዝታ ነው የሠሩት። ለዚህም ነው ምሰሶው አንዳንዴ ከልክ በላይ የሚረዝመው። እንደ ኢንጂነር ካየሁት ልኬቱ ትክክል አይደለም። ግን እኮ የሚለኩበት መርከብ አጠገባቸው አልነበረም፤ የነበራቸው ናፍቆቱ ብቻ ነው።