መቶ መራጭ፣ ስድስት ወሳኝ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂላችን ስለ ብዛት የተነገረ ይመስለናል። ከዚህም የተነሣ ይመስላል በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ፖለቲካዊ ተጽዕኖን በሰልፈኛና በፊርማ ብዛት መለካት የሚቀናው። ኢትዮጵያን የሚመለከተው ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ ሕግ በኦክቶበር 2007 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲያልፍ ብዙዎቻችን ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ የዋሽንግተን ሎቢስቶችን ቀጥሮ ይሟገት ነበር፤ ረቂቁም ሴኔት ገብቶ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። በዚያች አገር ጥቂቶች ብዙኃኑን የሚያሸንፉት በምን ዘዴ እንደ ሆነ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ ሄዶ አሜሪካን ከመጠጥ ያፋታውን ማኅበር መመልከት ይበጃል።

ፀረ-መጠጥ ቤት ሊግ በ1893 በኦሃዮ ግዛት፣ ኦበርሊን በምትባል ትንሽ የኮሌጅ ከተማ ተመሠረተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አገር አቀፍ ሆነ። መጠጥን የሚቃወም ፓርቲ ከ1869 ጀምሮ ነበረ። በየምርጫው የራሱን ዕጩ እያቀረበ በየምርጫው ይሸነፍ ነበር። ሊጉ ከዚህ ውድቀት ተማረ። ዕጩ አላቀረበም፤ ፓርቲም አልሆነም። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትን ምእመናን ይዞ፣ መዋጮ እየሰበሰበ፣ ለሪፐብሊካኑም ለዴሞክራቱም አንዲት ጥያቄ ብቻ ያቀርብ ጀመር፦ በመጠጥ ጉዳይ ድምፅህን ለማን ትሰጣለህ?

የዘዴው ዋና ቀማሪ ዌይን ዊለር የተባለ ሕግ ዐዋቂ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። ከመቶ መራጮች 48ቱ ለአንዱ ዕጩ፣ 46ቱ ለሌላው ቢቆሙ፣ አሸናፊውን የሚወስኑት የቀሩት 6ቱ ናቸው። እነዚህ ስድስቱ ስለ ግብር፣ ስለ ባቡር ሐዲድም ሆነ ስለ ውጭ ጉዳይ ሳይጨነቁ በአንድ ነገር ብቻ የሚመርጡ ከሆነ ሁለቱም ፓርቲዎች ደጃቸውን ይጠናሉ። የኦሃዮው አገረ ገዥ ማይረን ሄሪክ ይህን ዘግይተው ተረዱት። በ1903 በሰፊ ልዩነት የተመረጡት እኚህ ሪፐብሊካን ሊጉ የደገፈውን ሕግ በማለዘባቸው ጥርስ ተነከሰባቸው፤ በ1905ም ሌሎቹ የፓርቲያቸው ዕጩዎች ሲያሸንፉ እርሳቸው ብቻቸውን ወደቁ። ከዚያ ወዲያ የሊጉ ስም ሲነሣ ብዙ ፖለቲከኛ ይደነግጥ ነበር።

ዊለር ፖለቲከኛው በጓዳው ይጠጣ አይጠጣ ግድ አልነበረውም። የሚፈልገው ድምፁን እንጂ ነፍሱን አልነበረም። ዋረን ሃርዲንግ በሴኔት ሳሉ ለመጠጥ ክልከላው ድምፅ ሰጥተው፣ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በዋይት ሐውስ ለወዳጆቻቸው ውስኪ ያስቀዱ ነበር። (ይህን ጠባይ ለመረዳት ለእኛ አስተርጓሚ የሚያሻን አይመስለኝም።)

ዘዴ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዘመኑም ረድቷቸዋል። ከመጠጥ የሚሰበሰበው ቀረጥ ሲሶ ለሚጠጋ የፌደራል ገቢ ምንጭ ስለ ነበር ክልከላ ማለት ካዝናን ባዶ ማድረግ ነበር። በ1913 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የገቢ ግብር ሲፈቀድ ይህ እንቅፋት ተነሣ። ቀጥሎ የዓለም ጦርነት መጣ። የታወቁት ቢራ ጠማቂዎች የጀርመን ስም የተሸከሙ ነበሩና ሊጉ ቢራን ከጠላት ጋር አንድ አድርጎ አቀረበው። በዲሴምበር 1917 ኮንግረስ 18ኛውን ማሻሻያ አሳለፈ፤ በጃንዋሪ 1919 ከ48ቱ ግዛቶች 36ቱ አጸደቁት፤ በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ በሥራ ላይ ዋለ።

እንግዲህ ድሉ የተገኘው እንደራሴውን በማስፈራራት እንጂ ጠጪውን በማሳመን አልነበረም፤ ዋጋውም በኋላ ተከፈለ። የ1920ው ሕዝብ ቆጠራ የከተሜው ቁጥር ከገጠሬው መብለጡን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። ከተሜው ደግሞ ክልከላውን የሚጠላ ነበር። ኮንግረስ ግን ሕገ መንግሥቱ እንደሚጠብቅበት መቀመጫዎቹን በአዲሱ ቆጠራ መሠረት ሳያከፋፍል ዐሥር ዓመት ሙሉ አለፈ፤ ድልድሉን ከተቃወሙት መካከልም የክልከላው ወገኖች ነበሩ። ይህ ከመጠጡ ጉዳይ ይልቅ የከፋ ይመስለኛል። መጠጥ ቤት መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ የዜጋን ድምፅ ማሳነስ ግን ሌላ ነው። መንግሥት ለፋብሪካ በሚውለው አልኮል ውስጥ መርዝ እንዲጨመር ሲያስገድድና ያንኑ የጠጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ ዊለር የሚጠጣው ሰው ራሱን የገደለ ነው ብሎ ተከራከረ። ደጋፊዎቹ የነበሩ እንኳ ሸሹት። በ1927 ሞተ።

ክልከላውን የሻሩትም የሊጉን መንገድ ተከተሉ። ጳውሊን ሴቢን የተባሉ ሪፐብሊካን እመቤት በ1929 የሴቶች ድርጅት መሥርተው፣ ዕጩዎችን በዚያችው በአንዲት ጥያቄ መመዘን ጀመሩ። ከዱፖንት ቤተሰብ የመጡ ባለጸጎችም የቢራ ቀረጥ ቢመለስ የገቢ ግብር ይቀንስልናል ብለው ገንዘብ አፈሰሱ። የኢኮኖሚው ድቀትም አገዛቸው። ኮንግረስ በ1933 የመሻሪያውን ማሻሻያ ሲያሳልፍ ግን ወደ ግዛት ምክር ቤቶች አልላከውም፤ እዚያ የሊጉ ጥላ ገና አልተገፈፈምና። ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ልዩ ጉባኤዎች እንዲመረጡ አደረገ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ታሪክ በዚህ መንገድ የጸደቀ ሌላ ማሻሻያ የለም። ዲሴምበር 5 ቀን 1933 የዩታ ጉባኤ የመጨረሻውን ድምፅ ሰጠ።