ጃፓን እንዴት ትጠይቃለች?

ስለ ጃፓን መጠየቅ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። የዚያ ዘመን የተማሩ ወጣቶችም ጃፓን እንዴት እንደሠለጠነችና እኛ ለምን ወደኋላ እንደቀረን ይጠይቁ ነበር። ጥያቄውን ወርሰነዋል፤ ማኪያቶ ይዘን ስንቴ ተከራክረንበታል! ጃፓኖች ራሳቸው እንዴት እንደሚጠይቁ ግን ጠይቀን አናውቅም። እስቲ ዛሬ እሱን እንይ።

መነሻው ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነው። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ኪማስ» ማለት «ይመጣል» ነው። «ካ» ስትጨምሩበት «ኪማስ ካ» ይሆናል፤ «ይመጣል ወይ?» እንደማለት። «ማን ይመጣል?» ለማለት ደግሞ «ዳሬ ጋ ኪማስ ካ» ትላላችሁ። እንግሊዝኛ ስንማር ያስጨነቀን የቃላት መገለባበጥ እዚህ የለም።

ታዲያ «ካ» ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አልነበረችም። በ8ኛው መቶ ዘመን በተሰበሰበው «ማንዮሹ» በተባለው የግጥም መድበል ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ስትገባ እናገኛታለን። የምትቆመው ከሚጠየቀው ቃል ኋላ ነው። ግዕዝ የቀመሳችሁ ነገሩ አይገርማችሁም፤ ግዕዝም «ኑ»ን በሚጠየቀው ቃል ላይ ለጥፎ «አንተኑ» ይላል። ጃፓኖች ግን ግዴታ ጨመሩበት። «ካ» መሀል ከገባች የመጨረሻው ግስ መልኩን ይቀይራል። በጥንቱ ቋንቋ ተራው «ይመጣል» «ኩ» ነበር፤ «ካ» ስትቀድመው ግን ወደ «ኩሩ» ይለወጣል። «ኩሩ» ደግሞ ከስም በፊት ሲገባ «የሚመጣ» የሚል ትርጉም ያለው ቅርጽ ነው። ይህን ሥርዓት «ካካሪ ሙሱቢ» ይሉታል። ሙሱቢ ማለት ቋጠሮ ነው፤ መሀል የተጀመረው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይቋጠራል።

ቋጠሮው በካማኩራ (1185–1333) እና በሙሮማቺ (1336–1573) ዘመናት ቀስ በቀስ ተፈታ። ሰዎች ጥያቄ በሌለበትም «ኩሩ» እያሉ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ጀመሩ፤ «ኩ» ተረሳ። ልዩነቱ ከጠፋ ቋጠሮው ምን ይሠራል? «ካ»ም ቀድሞ አንዳንዴ የምትቀመጥበትን መጨረሻ ዋና ቤቷ አደረገችው። ጥንት «ታሬ ካ ኩሩ» ያለ ሰው «ማን ይመጣል?» ብሎ መጠየቁ ነበር። ዛሬ «ዳሬ ካ ኩሩ» ቢል «የሆነ ሰው ይመጣል» ማለቱ ነው። ጥያቄ የነበረው ወሬ ሆኖ ቀረ!

በዚያው በመካከለኛው ዘመን በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚታቀፍ ጥያቄም መልክ እየያዘ ሄደ። «ኒ ያ አራም» የሚል አነጋገር ነበር፤ ከእኛ «ይሆን?» ጋር ይቀራረባል። ይህ አጥሮ «ያራን»፣ ኋላም «ያራ» ሆነና ከ«አላውቅም» በፊት ይገባ ጀመር። በኋላ ሥራውን «ካ» ተረከበች። ዛሬ «ማን እንደሚመጣ አላውቅም» ለማለት «ዳሬ ጋ ኩሩ ካ ሺሪማሰን» ይላሉ። «ይምጣ አይምጣ አላውቅም» ደግሞ «ኩሩ ካ ዶ ካ ሺሪማሰን» ነው።

አስተዋላችሁ? «ኪማስ» ቀርቶ «ኩሩ» መጣ። «ኪማስ» አክብሮት አለበት፤ አክብሮቱ እንደ እኛ «ይመጣሉ» ለሚመጣው ሰው ሳይሆን ፊት ለፊት ለሚያዳምጠው ነው። ጥያቄው ውስጥ ሲታቀፍ ግን ፊት ለፊቱ ማንም የለም። አክብሮቱ መጨረሻ ላይ፣ «ሺሪማሰን» ላይ አንዴ ይከፈላል። ጀማሪ ተማሪዎች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት፤ ጨዋ ለመሆን ብለው ውስጥም «ኪማስ» ይከታሉ።

እኛን የነካን ይህ ነው። ቀጥተኛው ጥያቄ ሌላውን ሰው መልስ አምጣ ይላል። የታቀፈው ጥያቄ ግን አለማወቁን የሚጭነው በተናጋሪው ላይ ነው። «ጃፓን እንዴት ሠለጠነች?» እያልን ስንጠያየቅ ሁላችንም መልስ አናጣም፤ አንዱ ትምህርት ይላል፣ ሌላው ዲሲፕሊን፣ ክርክሩም በሂሳብ ክፍያ ያልቃል። «ጃፓን እንዴት እንደሠለጠነች አናውቅም» ብለን ብንጀምርስ? ምናልባት ያኔ ወደ መጻሕፍቱ፣ ወደ ቋንቋውም እንሄድ ነበር። እኛ በ«ካ» ጀምረናል። እናንተስ?