አቡነ ማስያስ፦ ከፒዬሞንት እስከ ፊንፊኔ

የዛሬዋ አዲስ አበባ ያረፈችበት ምድር ገና የእርሻና የግጦሽ መሬት በነበረበት ዘመን፣ ከተማዋ ከመቆርቆሯ 18 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 በፊንፊኔ የካቶሊክ ሚሲዮን ጣቢያ ተመሥርቶ ነበር። መሥራቹ በአገራቸው ጉልየልሞ ማሳያ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ አቡነ ማስያስ ተብለው የታወቁት ጳጳስ ሲሆኑ፣ የሕይወት ታሪካቸው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚሲዮን ዕድል ከስብከቱ ይልቅ በገዥዎች ፈቃድ ይወሰን እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1809 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒዬሞንት ግዛት ተወልደው በ1825 ካፑቺን ወደሚባለው የፍራንቸስካውያን ማኅበር ገቡ፤ በ1832 ቅስና ከተቀበሉ በኋላም በቶሪኖ ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው ሲያገለግሉ ኋላ እጅግ የጠቀማቸውን የሕክምና ዕውቀት ቀሰሙ። በኢትዮጵያ የቆየው ፈረንሳዊ ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ለኦሮሞ ሕዝብ ሚሲዮን እንዲላክ ለሮም ሐሳብ ካቀረበ በኋላ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 ለኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ ቪካሪያት፣ ማለትም መደበኛ ሀገረ ስብከት ለመሆን ያልደረሰ የሚሲዮን ክልል፣ አቋቁመው ማሳያን በጵጵስና ሾሙበት።

ጳጳሱ በዚያው ዓመት ምጽዋ ቢደርሱም፣ በግብጻዊው የኦርቶዶክስ ጳጳስ በአቡነ ሰላማ ተቃውሞ ምክንያት በሰሜን በኩል ወደ ተመደቡበት አገር ማለፍ አልቻሉም። በ1849 መጀመሪያ በትግራይ የላዛሪስት ማኅበር ሚሲዮን መሪ የነበሩትን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን ምጽዋ ላይ በሌሊት በድብቅ ጵጵስና ሾመው፣ ኋላም ስማቸውንና ልብሳቸውን ለውጠው በግብጽና በሱዳን ዞረው በ1852 በተመደቡበት የኦሮሞ ምድር ወደሚገኘው ጉድሩ ገቡ። ከዚያ ወዲያ በግቤ አካባቢ ባሉት የኦሮሞ መንግሥታትና በከፋ ሲሠሩ በሕዝቡ ዘንድ ተቀባይነት ያስገኘላቸው የፈንጣጣ ክትባት ነበር፤ «አባ ፈንጣጣ» የሚለው ስም የወጣላቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ሆኖም ሕክምናው የገዥዎችን ጥርጣሬ ለማስወገድ ስላልበቃ በ1861 ከከፋ ተባረሩ።

ወደ አውሮፓ ተመልሰው በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ በፓሪስ ካሳተሙ በኋላ፣ በ1868 ሸዋ ሲደርሱ ሁኔታው ተለወጠ። ከመቅደላ እስር አምልጠው ዙፋናቸውን የያዙት ወጣቱ ምኒልክ ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኛቸው፣ ስለ ውጭው ዓለም የሚያስረዳቸው አማካሪ ይፈልጉ ስለነበር ጳጳሱን በክብር ተቀብለው በፊንፊኔ እንዲሰፍሩ ፈቀዱላቸው። በ1876 የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን ሸዋ ሲገቡም ማሳያ በቤተ መንግሥቱና በእንግዶቹ መካከል ሆነው አገልግለዋል። ይሁንና ይህ ቅርበት የሃይማኖት ሰውነታቸውን ከዲፕሎማሲ ሥራ ጋር ስላቆራኘው፣ የሚሲዮኑ ሕልውና በንጉሡ የፖለቲካ አቋም ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ምኒልክ በ1878 ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩና የንጉሥነት ማዕረጋቸው በንጉሠ ነገሥቱ ሲጸና ይህ ጥገኝነት ጉዳቱን አሳየ። የአገሪቱን አንድነት በሃይማኖት አንድነት ለማጽናት የቆረጡት ዮሐንስ ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ ስለፈለጉ፣ ምኒልክም ይህን ትእዛዝ የሚቋቋሙበት ኃይል ስላልነበራቸው፣ ማሳያ በ1879 ወደ ደብረ ታቦር ተጠርተው ከአገር እንዲወጡ ተወሰነባቸው። በ1880 ሥልጣናቸውን ሲለቁም የተኳቸው ቀደም ሲል ራሳቸው ጵጵስና የሾሟቸው ፈረንሳዊው ካፑቺን ቶሪን ካሃኝ ናቸው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1884 ካርዲናልነት የሾሟቸው ማሳያ የ35 ዓመት ተልእኳቸውን የሚተርክ 12 ቅጽ መጽሐፍ ጽፈው በ1889 አረፉ። ሥራው በጸሐፊው እምነትና በዘመኑ አመለካከት የተቃኘ በመሆኑ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ያም ሆኖ የግቤን መንግሥታት፣ የከፋንና የምኒልክን የመጀመሪያ ዘመናት በቅርብ ካዩ ሰው የተገኘ ምስክርነት ነው። በገዥዎች ፈቃድ የተከፈተው ጣቢያ በገዥዎች ስምምነት ሲዘጋ፣ ፈቃዳቸውን ሳይጠብቅ የዘለቀው የማሳያ ሥራ ይህ ጽሑፍ ነው።