ነርስ እንዴት የማኅበረሰብ መሪ ትሆናለች? ከጎንደር የጤና ኮሌጅ እስከ ጤና ኤክስቴንሽን



ለዛሬው የሕዝብ ንግግር የተሰጠኝ ርእስ የነርሶችን የመሪነት ችሎታ ማጎልበትና የማኅበረሰብ ጤና የሚል ነው። ይህ ርእስ ብዙውን ጊዜ በሥልጠና ቋንቋ ይነገራል፤ ኮርሱ ስንት ቀን ይፍጅ፣ ምን ምን ይካተትበት፣ የምስክር ወረቀቱን ማን ይፈርም በሚል። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና ጥያቄውን ወደ ኋላ መልሼ አነሣዋለሁ። በአገራችን ነርስ ከሆስፒታል አጥር ወጥታ በሕዝብ መካከል እንድትሠራ የታሰበው መቼ ነው? ያ አሳብ ምን አስገኘ? ደግሞስ ምን ላይ ሲደርስ ቆመ?

የማቀርበው ክርክር አጭር ነው። ነርስን የማኅበረሰብ መሪ የሚያደርጓት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የእኔ ብላ የምትጠራው ተለይቶ የታወቀ ሕዝብ፣ ያንን ሕዝብ የምታውቅበት መዝገብ፣ ባወቀችውም ላይ የመወሰን ሥልጣን። የኢትዮጵያ የጤና ታሪክ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በየዘመኑ እየጨመረ ሰጥቷታል። ሦስተኛውን ግን ሁልጊዜ ከእርሷ በላይ ለተቀመጠ ሰው አስቀምጦታል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውንና ነርስን በአንስታይ ጾታ ብጠራም ወንድሞቻችንን መዘንጋቴ እንዳልሆነ አስቀድሜ ላሳስብ።

ዘመናዊ ነርስነት ወደ አገራችን የገባው በሆስፒታል በር ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ያቋቋመችው ትምህርት ቤት ለዓለም ያስተማረው ሥርዓት ነርሶችን በማትሮን ሥር የሚያደራጅ፣ ንጽሕናንና ታዛዥነትን የሙያው ምሰሶ የሚያደርግ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደት ዘመኗ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ የተማረችው በዚህ ወግ ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና የበሽተኛ አልጋ ማንጠፏ በዘመኑ ታላቅ ነገር ነበር፤ ነርስነት የሎሌ ሥራ ሳይሆን የተከበረ ሙያ መሆኑን ለመኳንንቱም ለሕዝቡም ያሳየ ነውና። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ በ1941 ተመለሰች፤ አግብታም ከባለቤቷ ጋር ወደ ወለጋ፣ ወደ ለቀምት ሄደች። በዚያም በነሐሴ 1942፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ ሳለች፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች።

ለመታሰቢያዋ ገንዘብ ተሰባሰበ፤ በእንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክኸርስት ብዙ ደከመችበት። በ1951 በስሟ የተሰየመው ሆስፒታል ተከፈተ፤ ነርሶችንም ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ለአገር ትልቅ ጥቅም ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ። ልዕልቲቱ ያረፈችው በለቀምት ነው፤ መታሰቢያዋ የተሠራው በአዲስ አበባ ነው። ሞቱ በጠቅላይ ግዛት፣ መድኃኒቱ በዋና ከተማ ሆነ። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ የሆስፒታል ሥርዓት ባሕርይ ነው። ሆስፒታል የመጣለትን በሽተኛ ያክማል፤ ያልመጣውን ግን አያውቀውም። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገች ነርስም መሪ የምትሆነው በዎርዷ ላይ ነው፤ ሕዝቧም በአልጋዎቹ ቁጥር ይወሰናል።

ሌላው አሳብ የተወለደው በወረርሽኝ ምክንያት ነው። በ1953 በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በተለይም በደንቢያ፣ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ገበሬው በየጎጆው ሲሞት ሆስፒታል መሥራት ብቻውን መልስ እንደማይሆን ያኔ ግልጽ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ፍርሀቱም ከንቱ አልነበረም፤ በ1958 በደጋውና በወይና ደጋው አገር የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል።

ጎንደር ያመጣው አዲስ ነገር አንድ ሙያ ሳይሆን አንድ ቡድን ነው። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ግቢ ይማራሉ፤ አብረው ወደ ገጠር ወርደው ይለማመዳሉ፤ ተመርቀውም በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ይመደባሉ። በደንቢያ የምትገኘው ቆላ ድባ ከመለማመጃ ጤና ጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች። ሳኒተሪያኑ የውኃ ምንጩንና መጸዳጃውን ይይዛል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትይዛለች፤ ነፍሰ ጡርን ትከታተላለች፤ ቤት ለቤት ትሄዳለች፤ የልምድ አዋላጆችን ታነጋግራለች። የጤና መኮንኑ ሕሙማንን ያክማል፤ ጣቢያውንም ይመራል።

እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የታቀደው ለ50,000 ሕዝብ ነበር። ይህ ቁጥር በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ተጠቅሶ የሚታለፍ ነው፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን በወረቀት ላይ እንዲያሰሉት አደርጋቸዋለሁ። በአንድ ቤት አምስት ሰው ብንል 10,000 ቤት ይሆናል። አንዲት ነርስ በየመንደሩ በእግሯ ወይም በበቅሎ እየሄደች በቀን ስምንት ቤት ብትጎበኝ፣ በዓመትም 250 ቀን ብትሠራ፣ በዓመት የምታዳርሰው 2,000 ቤት ነው። አገሩን አንድ ጊዜ ለመዞር አምስት ዓመት ያስፈልጋታል። ሁለት ነርሶች ቢሆኑ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናል። በዚያ መካከል የተፀነሰ ልጅ ተወልዶ፣ ጡት ጥሎ፣ ምናልባትም ሞቶ ይቆያል።

እንግዲህ የጎንደር ነርስ በጉብኝት ብቻ ሥራዋን ልትፈጽም አትችልም ነበር። መምረጥ ነበረባት፤ ወደ የትኛው መንደር አስቀድማ ትሂድ? የትኛዋን እናት ትከታተል? በገበያ ቀን በክሊኒኳ ትቀመጥ ወይስ ሰው በተሰበሰበበት ታስተምር? በሌሎች ሰዎች በኩልም መሥራት ነበረባት፤ በአዋላጇ፣ በትምህርት ቤቱ መምህር፣ በደብሩ ቄስ፣ በሴቶች ማኅበርተኞች በኩል። መሪነት ማለት ይህ ነው፤ አቅም ከሚፈለገው ሲያንስ ምን እንደሚቀድም መወሰንና ሌላውን ሰው ለሥራው ማስነሣት። ነርሷ ይህን ስታደርግ ማንም መሪ ብሎ አልሰየማትም፤ ሥራው ራሱ ግን እንድትመራ ያስገድዳት ነበር።

ይሁንና የሹመቱ መሰላል የተሠራው በሌላ አቅጣጫ ነው። ወደ ጤና መኮንንነት የሚገባው ከፍ ያለ ትምህርት ይዞ ሲሆን አብዛኛው ወንድ ነበር፤ ወደ ኅብረተሰብ ነርስነት የሚገባው ዝቅ ባለ የትምህርት ደረጃ ሲሆን አብዛኛዋ ሴት ነበረች። የጣቢያው በጀት፣ መኪናውና ከአውራጃው ጋር የሚደረገው ደብዳቤ በእርሱ እጅ፣ የቤቶቹ ዕውቀት በእርሷ ዘንድ ሆነ። ልምድ ያካበተች ነርስ ማደግ ብትፈልግ መንገዱ ወደ ሆስፒታል ማትሮንነት፣ ወደ አስተማሪነት ወይም ወደ ቢሮ ይወስዳል። ከፍ ባለች ቁጥር ከሕዝቧ ትርቃለች። እኔ የዚህ ታሪክ ዋና ችግር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማኅበረሰቡን በሚገባ ያወቀች ነርስ ሽልማቷ ከማኅበረሰቡ መነሣት መሆኑ።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጥበቃን የዓለም መመሪያ አደረገ። የሚገርመው፣ የጎንደር ቡድን ከብዙ ዓመታት በፊት የጀመረው አሳብ በዓለም መድረክ በታወጀበት በዚያው ዓመት ጎንደር የሕክምና ኮሌጅ ሆኖ ሐኪሞችን ማስተማር መጀመሩ ነው። የጤና መኮንኖች ሥልጠናም ተቋረጠ፤ የተመለሰውም በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ነበርና ኮሌጁን አልወቅስም። ቡድኑ ግን ፈረሰ። ሐኪምም ጤና መኮንንም በማይደርስበት ስፍራ ነርሷና ጤና ረዳቱ ሁሉን ተሸከሙ፤ ሸክሙ ሲጨምር ግን ሥልጣኑ አብሮ አልመጣም።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የጎንደርን ስሌት ከሥሩ ለወጠው። ለአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። በ2009 ፕሮግራሙ ወደ ከተሞች ሲገባ ደግሞ ሥራው የተሰጠው ለነርሶች ነው፤ ለእያንዳንዷም 500 ያህል አባወራ ታሰበላት። ስሌቱን እንድገመው። በገጠርም ቢሆን 2,500 ሰው ለአንዲት ሠራተኛ ሲደርስ 500 ቤት ይሆናል። በቀን ስምንት ቤት ብትጎበኝ በ63 የሥራ ቀን፣ በሦስት ወር ገደማ፣ ዙሩን ትጨርሳለች። የአምስት ዓመቱ መንገድ ሦስት ወር ሆነ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነስ ግብ ኢትዮጵያ ከቀጠሮው አስቀድማ መድረሷ በ2013 ሲነገር ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ያለዚህ ግን ይሆን ነበር ብሎ የሚከራከር አላውቅም።

ሕዝቡ ተለየ፤ መዝገቡም፣ የቤተሰብ ማኅደሩም በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛው ነገርስ? ሥራው በ16 ፓኬጆች ተዘጋጅቶ ከላይ ወረደ፤ ሪፖርቱ ከታች ወደ ላይ ወጣ። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብና አምስት ጤና ኬላዎችን እንዲደግፍ ሲደረግ የጣቢያው ነርስ ተቆጣጣሪ ሆነች። ቅጽ ይዛ ትወርዳለች፣ ምልክት ታደርጋለች፣ ቅጹን ይዛ ትመለሳለች። በአንድ ቀበሌ ሴቶች በጤና ጣቢያ የማይወልዱት ወንዙ በክረምት ስለሚሞላ መሆኑን ብታውቅ፣ ይህ ዕውቀቷ በቅጹ ውስጥ የሚገባበት ሣጥን የለውም። ቀድሞ በቆላ ድባ የነበረችው ነርስ ሰፊ አገርና ጠባብ አቅም ነበራት፤ የዛሬዋ የተሻለ አቅም አላት፤ ምን ይቅደም የሚለው ምርጫ ግን ተመርጦ ይላክላታል።

በዚህ ላይ የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ክብደትም አለው። ክትባት በየነርሷ ፈቃድ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ወጥ የሆነ መመሪያ ባይኖር ኖሮ በጥቂት ዓመታት በመላ አገሪቱ የተደረሰበት ላይ ባልተደረሰ ነበር ይባላል። እውነት ነው። የምለው መመሪያው ይቅር አይደለም። ምን እንደሚሠራ በማዕከል ሊወሰን ይችላል፤ በዚህ ወር፣ በዚህ ቀበሌ፣ ከየትኛው ቤት እንደሚጀመር ግን ማዕከሉ ሊያውቀው አይችልም። ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ናት፤ እርሷም ቤቱን የምታውቀው ነርስ ናት።

የመሪነት ኮርስ አያስፈልግም ማለቴም አይደለም። ስብሰባ መምራት፣ በጀት ማንበብ፣ አለመግባባት መዳኘት የሚማሩት ነገር ነው። ሆኖም ኮርሱ የሚሠራው የምትወስነው ነገር ላላት ነርስ ነው። ለመወሰን ያልተፈቀደላትን ሴት የውሳኔ ጥበብ ማስተማር በቅሎ ለሌለው ኮርቻ እንደ መስጠት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ክፍሎቻችን ሦስት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ የነርስ ተማሪ የገጠር ልምምዷ በቆይታ ቀን ሳይሆን በመዝገብ ይመዘን፤ ከመቶ ቤት መዝገብ ተነሥታ የትኞቹ አሥር ቤቶች መቅደም እንዳለባቸውና ለምን እንደሆነ ታስረዳ። ሁለተኛ፣ የጎንደር አብሮ መማር ይመለስ፤ ነገር ግን ቡድኑን ሁልጊዜ አንዱ ሙያ ብቻ አይምራው፤ ጉዳዩ የእናቶች ከሆነ ነርሷ ትምራ፣ ሌላው ይታዘዛት። ሦስተኛ፣ በማኅበረሰብ ውስጥ ቆይታ የምታድግበት የሙያ መሰላል እንዲሠራ ጥናታችን ይሟገት፤ ደመወዟ እንዲጨምር ቀበሌዋን መተው የለባትም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ትመደባላችሁ። በደረሳችሁበት ሁሉ ሲስተር ብለው ይጠሯችኋል፤ መጠሪያው ከሆስፒታሉ ወግ የመጣ ቢሆንም ሕዝቡ እኅት ብሎ ተርጉሞ ተቀብሎታል። በመጀመሪያው ሳምንት አለቃችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የእኔ ሕዝብ የትኛው ነው? መዝገቡ የት አለ? በእርሱ ላይ ተመሥርቼ ማንንም ሳላስፈቅድ ልወስን የምችለው ምንድን ነው? ለሁለቱ መልስ ታገኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ዝምታ ካጋጠመው እናንተ ከመጠየቅ አትቦዝኑ፤ ይህ ጥያቄ ጎንደር ከተከፈተ ጀምሮ መልሱን ሲጠብቅ የኖረ ነውና።