በገጠር መኖሪያ ቤት ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ክፍያን ለመቀነስ

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ ወርኃዊ ፍጆታ ሲጨምር የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለሆነም በቅድሚያ ብዙ ኃይል የሚወስደውን መለየት ያስፈልጋል።

የእንጀራ ምጣድ፦ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ2 ሰዓት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 10 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት እየበራ ይህን ያህል ለመፍጀት 140 ቀናት ይወስድበታል። ምጣዱን በየጊዜው እንደ አዲስ ማሞቅ ኃይል ስለሚያባክን ለበርካታ ቀናት የሚበቃውን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር፣ የመጨረሻውንም ምጣዱን አጥፍቶ በቀሪው ሙቀት ማብሰል ይመከራል።

አምፖል፦ ባለ 60 ዋቱን በባለ 10 ዋት ኤል ኢ ዲ መተካት የመብራት ፍጆታን ወደ አንድ ስድስተኛ ያወርዳል።

የጋራ ቆጣሪ፦ በርካታ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ፍጆታቸው ተደምሮ ከፍ ወዳለ እርከን ሊገባ ስለሚችል የየራስን ቆጣሪ ለማግኘት ማመልከት ይጠቅማል።

የመስመር ብልሽት፦ ሁሉም መሣሪያዎች ተነቅለውና መብራቶች ጠፍተው ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ ሽቦውን በራስዎ ሳይነኩ በአቅራቢያዎ ለሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ወይም በ905 ስልክ ያሳውቁ።