ባለቤት አናጢውን ሲፈራ

የቻይና ገበሬ ቤት ሲሠራ ስለሚፈጽመው ሥርዓት ሲነሳ ቶሎ የሚጠቀሰው ፌንግ ሹይ ነው፤ ቤቱ ጀርባውን ለተራራ፣ ፊቱን ለደቡብ ይስጥ፣ ከፊቱ ውኃ ይኑር የሚለው ብልሃት። በሰሜን ቻይና የብርድ ወራት ንፋስ የሚመጣው ከሰሜን፣ ፀሐይ የምትገባው ከደቡብ ስለሆነ፣ እምነቱ ሁሉ የአየር ጠባይ ዕውቀት ነው የሚሉ አሉ። ስለ አቅጣጫው ልክ ናቸው። ንፋስና ፀሐይ የማይፈቱት ግን ብዙ ነው። ከዚህ ሥርዓት ሰፊው ክፍል የተሸመነው፣ ገንዘቡን በሚከፍለውና መጥረቢያውን በያዘው ሰው መካከል ባለው ጥርጣሬ ዙሪያ ይመስለኛል።

ለዚህ ዋናው ምስክር በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሚንግ ዘመን፣ የተጠናቀረው «ሉ ባን ጂንግ» የተባለው የአናጢዎች መጽሐፍ ነው። ሉ ባን የሙያው አባት ተደርጎ የሚከበር ጥንታዊ ጠቢብ ነው። በስሙ የሚጠራው መለኪያ በስምንት ይከፈላል፤ ሀብት፣ በሽታ፣ መለያየት፣ ጽድቅ፣ ሹመት፣ ዝርፊያ፣ ጉዳት፣ መልካም ዕድል። የበሩ ስፋት ከደጉ ክፍል ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገው አናጢው ነው። መጽሐፉ ከዚህም አልፎ በእንጨቱ ውስጥ የሚደበቅ መተት ይዘረዝራል። የተሰበረ ሳህንና አንድ የመብያ እንጨት ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ ከተሸሸጉ የቤቱ ልጆች ለማኝ ይሆናሉ። ትንሽ ጀልባ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ከዞረ ሀብት ታስገባለች፤ ወደ ውጭ ከዞረ ይዛው ትወጣለች። ዕቃው አንድ ነው፤ ለውጡ በአናጢው እጅ ነው። ስለዚህ ምግቡን ያሳነሰ ወይም ደመወዙን የቆረጠ ባለቤት ዕድሜ ልኩን ጣሪያውን ሲያይ ይሰጋል። ዳኛ ቤት ለመሄድ አቅም ለሌለው ባለሙያ ይህ ፍርሃት መያዣ ነበር። መጽሐፉ ለባለቤቱም ማርከሻ ጨምሮለታል፤ ሁለቱም ወገን መሣሪያ ነበረው ማለት ነው።

የጣሪያው ዋና አግዳሚ የሚሰቀልበት ቀንም ከዚህ አንጻር ይገባል። ቀኑ ከዘመን መቁጠሪያ ተመርጦ፣ አግዳሚው ቀይ ጨርቅ ታስሮበት፣ ርችት እየተተኮሰ ይወጣል። አናጢው ከላይ ሆኖ ምርቃቱን እያዜመ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦና ሳንቲም ይበትናል፤ ጎረቤት ይሻማል። ባለቤቱ ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ ይሰጠዋል፣ ከክብር ቦታ አስቀምጦም ያበላዋል። ምርቃቱም ክፍያውም በመንደሩ ፊት ስለሚፈጸም ለኋላ ክርክር ምስክር አይጠፋም።

ገበሬው መናፍስትን ከልቡ ይፈራ ነበር፣ ነገሩን ወደ ሥራ ውል ማውረድ እምነቱን ማቃለል ነው የሚል ሙግት ይነሳል። ፍርሃቱ እውነተኛ መሆኑ አያከራክርም። ቻይናዊው ፈላስፋ ዋንግ ቾንግ በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰዎች ቤት ሠርተው ሲጨርሱ ስለተቆፈረው አፈር የምድርን አምላክ ይቅርታ መጠየቃቸውን ነቅፎ፣ ሰው በምድር ላይ እንደ ቅማል ነው፣ ምድር እንዴት ትሰማዋለች ብሏል። ትችቱ ለምድር የሚቀርበውን ልመና ይመታል፤ አናጢው ግን ቅርብ ነው፣ ይሰማል፣ ይቀየማልም። መተቱ የሠራው ስለታመነበት ነው፤ ካልታመነ ደመወዝ አያስከብርም። ዛሬ በብዙ መንደር ቤቱ በኮንክሪት ሲሠራ መተት የሚሸሸግበት እንጨት የለም፤ ጣሪያው ሲዘጋ ግን ርችቱና ግብዣው ቀጥሏል። ለሠራ ሰው በአደባባይ ዋጋውን መስጠት፣ ፍርሃቱ ሲሳሳም ጥቅሙ የማያልቅ ልማድ ነው።